የተለቀመው ስንዴ

በእህል በረንዳ ለቀስተኛው እንኳ እህል ይመረምራል። ለቀልድ ብዬ አይደለም። ወንድሜ የተቀበረ ዕለት፣ ከቀብር መልስ፣ የአባቴ ጓደኞች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሁሉም የእህል ነጋዴዎች ናቸው። ንፍሮው ሲታደላቸው እንደ ሌላው ሰው ወደ አፋቸው አላሉትም። መዳፋቸው ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው እየገለባበጡ አዩት። ጠዋት ጠዋት ከመኪና የወረደ ጆንያ ተወግቶ ናሙናው ሲወጣ የሚያደርጉት ነው። እጃቸው ለምዶታል።

«ይሄ ስንዴ ከየት የመጣ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምነው ሐጂ?» አላቸው አጠገባቸው የተቀመጠው።

«አንዱ ፈንድቷል፣ አንዱ ጥርሴን ሊያወልቀው ነው። ነጩም ቀዩም፣ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ።»

«ሰርገኛ ነዋ።»

«ስንዴ ደግሞ ምን ሰርገኛ አለው? በእኛ ሰፈር፣ በእኛ ሰው ለቅሶ፣ የተደባለቀ ስንዴ!»

«ይብሉት እንጂ ሐጂ። ለቅሶ ላይም ዋጋ ሊያስቀንሱ ነው?»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ሽማግሌው «አስተግፊሩላህ» ብለው ጎረሱት። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። የሰሙ አይመስለኝም። እኔም በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ በዚያን ቀን መራቤ ደግሞ አሳፍሮኝ ነበር። ጠንካራውን ፍሬ ሳኝከው ስንዴው ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።

ስለ ወንድሜ ልናገር። እኔ የምጠራው ወንድም ጋሼ እያልኩ ነው። አባቴ ከወሎ መጥተው በጆንያ ተሸካሚነት ጀምረው የስንዴ ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ከእሳቸው ጋር ሱቅ ገባሁ። ወንድም ጋሼ ግን ተማረ። እሱም ሥራው ስንዴ ሆነ። የእሱ ስንዴ ግን የሚሸጥ አልነበረም። ከከተማ ውጭ የስንዴ ምርምር ላይ ነበር የሚሠራው፤ አዳዲስ ዝርያዎች በየቦታው ተዘርተው የሚሰጡትን ቁጥር እየሰበሰበ ያጠናል። አባቴ ሰው ሲጠይቃቸው «ልጄ ስንዴ ይቆጥራል» ይሉ ነበር። ኩራት ይሁን ቀልድ አይለይም።

ጉበቱን ታሞ ለሕክምና ወደ እኛ ሲመጣ ልብሱን በአንድ ሻንጣ፣ ስንዴውን በሁለት ካርቶን ይዞ መጣ። ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ከአንድ የሙከራ መደብ የታጨደ ስንዴ አለ፤ ከፍሬው ጋር የመደቡና የዝርያው ቁጥር የተጻፈበት አንድ ካርድ። ሁሉም የመጡት በዚያ ዓመት ከተዘራባቸው ቦታዎች ከአንዱ ነው። የመደቦቹ ምርት እዚያው ማሳው ላይ ተመዝኗል። የቀረው የሺህ ፍሬ ክብደት ነበር። ሺህ ፍሬ ቆጥሮ መመዘን ማለት ነው። ፍሬው ምን ያህል ሙሉ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። መቁጠሪያ ማሽናቸው ተበላሽቶ ስለነበር «ተኝቼ ከምውል» ብሎ ይዞት መጣ።

ከሱቃችን በላይ ባለው ቆጥ ላይ ፍራሽ ዘረጋንለት። ታች ተሸካሚዎቹ «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ሲያልፉ፣ እኛ ላይ ቁጭ ብለን በትሪ ላይ ስንዴ እንለቅማለን። ጠጠሩ ይወጣል፣ ገለባው ይወጣል፣ የተሰበረ ፍሬ እንኳ ይወጣል። ከዚያ አሥር አሥር እያደረግን እንቆጥራለን። የተቆጠረውን በትንሿ ሚዛን መዝነን ወደ ከረጢቱ እንመልሰዋለን። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ እጽፋለሁ። ጣቶቹ አብጠው ስለነበር መጻፉን ለእኔ ተወልኝ።

«ስንት ደረስክ?» ይለኛል።

«አራት መቶ... ኧረ አጠፋህብኝ!»

«የነጋዴ ልጅ መቁጠር አቃተው።»

«እኛ በኩንታል ነዋ የምንቆጥረው።»

አንድ ቀን አባቴ መሰላሉን ወጥተው መጡ። ከአንዱ ከረጢት ጥቂት ፍሬ አንስተው መዳፋቸው ላይ አዩ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው? ስንዴ ስንዴ ነው።»

«አባባ፣ የያዙት ዘመድዎ ነው» አላቸው ወንድም ጋሼ።

«ማነው ዘመዴ?»

«አርባ ሰባት ቁጥር ነው። እናቱ የወሎ ገበሬ ስንዴ ናት፤ ከእርስዎ አገር የመጣች። አባቱ ከውጭ አገር ነው፣ ምርት ይሰጣል፣ ግን የዋግ በሽታ ያጠቃዋል። እናቱ ዋግ ትችላለች።»

አባቴ ፍሬውን እንደገና አዩት። «የወሎ ሴት ከሆነች ችግር ትችላለች» ብለው መልሰው ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩት። ሲወርዱ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ሥራውን ያስረዳኝ በእነዚያ ቀናት ነው። እንደ እሱ አድርጌ መናገር አልችልም፣ የገባኝን ልጻፍ። አንድ ስንዴ በአንድ ቦታ በአንድ ዓመት ጥሩ ቢያፈራ ዕድለኛ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ ይሆናል፣ ዝናቡ ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ዝርያ ብዙ ቦታ ይዘሩታል፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሦስት መደብ፣ በሌላውም ዓመት እንደገና። ቁጥሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲቀመጥ የመሬቱ ድርሻ ለመሬቱ፣ የዝናቡም ለዝናቡ ይሰጣል። «የቀረው የዘሩ ነው» ይል ነበር። ዘመዳሞቹን ደግሞ አንድ ላይ ያያቸዋል። ከአንድ እናትና አባት የወጡ ስንዴዎች ብዙ ነገር ስለሚጋሩ፣ ስለ አንዱ የሚታወቀው ነገር ስለ ሌላውም ትንሽ ይናገራል።

«እኔን አይተው አንተን ይገምቱሃል ማለት ነው?» አልኩት።

«አላህ ይጠብቀኝ!» አለና ሳቀ። ሳቁ ሆዱን አሳመመው።

ከነገረኝ ሁሉ አንዱ ኋላ ላይ መጣብኝ። ከዓመታት በፊት ከሆነ ቦታ ቁጥር ተልኮላቸው ነበር። በጣም ያማረ ቁጥር። አንድም የጎደለ ነገር የለውም። በዚያ ክረምት ግን መንገዱ ተቆርጦ ማንም ወደ ማሳው እንዳልሄደ በኋላ ታወቀ። አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው የሞላው።

«ተናደድክ?» አልኩት።

«አልተናደድኩም። ሰውየው የፈራ ይመስለኛል። ግን ሁሉንም አወጣሁት። ባዶ ቢተወው ባዶ መሆኑን አውቀን እንሄድ ነበር። የውሸት ቁጥር ብቻውን አይቀመጥም። እናቱን ያሳስታል፣ አባቱን ያሳስታል፣ ወንድሞቹን ሁሉ ያሳስታል። ከዚያ ገበሬው የማይሆን ዘር ይዞ ክረምቱን ይገባል።»

አርባ ሰባትን ለመጨረሻ አቆየው። ልጅ ሥጋውን ከወጡ ለይቶ እንደሚያቆየው። በሌሎቹ ቦታዎች ጥሩ መጥቶለት ነበር። እዚህኛው ቦታ ዋግ የበረታበት ስለሆነ የሚፈተነው እዚህ ነው አለኝ። ከዋጉ በኋላ ፍሬው ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ለገበሬ ይወጣ ዘንድ ሊሟገትለት አስቦ ነበር። በዚያ ሰሞን ይህን ነገር ካነሳ ፊቱ ላይ ሕመሙ የሚጠፋ ይመስለኛል።

ግማሹን ያህል ቆጥረን ሳንጨርስ አንድ ጠዋት ባሰበት። ደግፌው መሳለሚያ ድረስ ሄድን፤ ታክሲው ውስጥ ሲገባ «ሚዛኑን ክፍት ትተነው መጣን፣ ባትሪው እንዳያልቅ» አለኝ። ሐኪም ቤት ገባ። አልተመለሰም።

ሌላ የምጽፈው ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ግን አይመጣልኝም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ወደ ቆጡ ወጣሁ። ሚዛኑን ልዘጋ ብዬ ነው፤ ቀድሞውኑ ባትሪው አልቋል። ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው። በጓሮው መስኮት ቁልቁል ስመለከት ከረጢቶቹ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ታጥበዋል። ውኃቸው ይንጠባጠባል።

ፊት ለፊታችን አሮጌ ጆንያ እያጠቡና እየጠቀሙ የሚሸጡ እትዬ አሉ። የእድሩን ምግብ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። በዚያን ቀን ሁላችንም ቀብር ስንሄድ ድስቱን ጥደው የጠበቁን እሳቸው ናቸው። ጓሮ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ከረጢቶቹ ውስጥ የነበረውስ?»

«ስንዴው? ለንፍሮው አደረግነዋ የኔ ልጅ! መጋዘኑ የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎበታል፣ ሰው አይበላም። ቆጡ ላይ ወጥቼ ሳይ ግማሹ ተለቅሞ ያለቀ ስንዴ። አንዲት ጠጠር የሌለው! ሟች ራሱ ለራሱ አዘጋጅቶ የሄደ ነው የመሰለኝ። እንዲያው አለቀስኩ።»

እጃቸው በሳሙና አረፋ ነጭ ሆኗል።

«ወረቀቶቹን አልጣልኳቸውም» አሉ። «ጽሑፍ አለባቸው ብዬ አስቀምጫለሁ።» ገብተው አንድ ብርጭቆ አመጡልኝ። ካርዶቹ ሁሉ በብርጭቆው ውስጥ ቆመዋል። አንድም አልጠፋም።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኳቸው።

ጠንካራው ፍሬ ያኔ ትዝ አለኝ። አንዱ የፈነዳ፣ አንዱ ጥርስ የሚያወልቅ። ያ ሁሉ ዝርያ አንድ ድስት ውስጥ ገብቶ እንዴት እኩል ይብሰል? ሐጂ እውነታቸውን ነበር። አርባ ሰባትንም በልተነዋል። እኔም ሳልበላው አልቀረሁም።

የተመዘኑት ቁጥራቸው ላፕቶፑ ላይ አለ። ያልተመዘኑት ግን የሉም፤ የሚመዘን ነገር አልቀረም። በማግሥቱ የወንድም ጋሼ የሥራ ባልደረባ ደወለች። ድምፅዋ የለቅሶ ድምፅ ነው። ለቅሶ ልትደርስ እንደምትመጣና የዚያን ቦታ ቁጥር ይዛ እንደምትሄድ ነገረችኝ፤ ትንታኔውን ያለ እሱ ሊሠሩት ነው። «እጨርሰዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለች።

ለአባቴ ነገርኳቸው። ስለ እትዬም፣ ስለ ንፍሮውም። ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ነበርን። የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት።

«ላፕቶፑን መክፈት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«የአምናው ቁጥር አለ?»

«አለ።»

«እሱን እያየህ ጻፍለት።»

እንደዚህ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅሁም። አባቴ የጎደለ ጆንያ ጎድሏል ሳይሉ የማይሸጡ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ እሱ...»

«ልጄ ሥራውን ሳይጨርስ ሞተ አይባልም። እኒያ ሴትዮም አያፍሩ። ማን ይጎዳል? ጻፍለት።»

ወጥቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። በቆጡ ቀዳዳ የፀሐይ ብርሃን ትሪው ላይ ወድቋል። ከአርባ ሰባት ጀመርኩ። የአምናውን አየሁና ትንሽ ጨምሬ አንድ ቁጥር ጻፍኩ። እውነቴን ነው የምናገረው፣ ደስ አለኝ። ከዋጉ በኋላ ፍሬው ሙሉ ሆነ። ወንድም ጋሼ እንዳለው ሆነ። እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀምጦ ሳየው የቆጠርነው መሰለኝ።

ወደ ቀጣዩ ልሄድ ስል ነው የቆምኩት። ለቀጣዩ ስንት ልጻፍ? ወንድሙ ነው፤ ከአንድ እናት። ለእሱም ልጨምርለት ነው? ካልጨመርኩለትስ? አርባ ሰባትን ሳሳድገው ሌሎቹን ሁሉ እየነካኋቸው ነው። «ብቻውን አይቀመጥም» ያለው ይህን ነው። ደግሞም ስንዴው በእውነት በዋግ ተመትቶ ቢሆንስ? አላየነውም። አባቴ መዳፋቸው ላይ ካዩት ጥቂት ፍሬ በቀር ከፍተን አልመዘንነውም። እኔ በጻፍኩት ቁጥር ወሎ ያለ አንድ ገበሬ ሊዘራው ነው።

ቁጥሩን አጠፋሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ ወረድኩ። ለአባቴ ምንም አላልኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ የጻፍኩ መስሏቸዋል።

የወንድም ጋሼ ባልደረባ ቤት መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አባቴ ተነሥተው ተቀበሏት። እናቴን አቅፋ አለቀሰች። ከተቀመጥን በኋላ፣ ሻይ ይዤላት ስመጣ «ይጠጡ» አልኳት።

«እርስዎ አትበለኝ፤ እሱ አንቺ ነበር የሚለኝ» አለች።

ከዚያ ሥራውን አነሣች። ፈራ ተባ እያለች ነው ያነሣችው።

«ያ ቁጥር... ደርሶለት ነበር እንዴ?»

«ጨርሶታል» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ሱቅ ውስጥ እንደሚሰማው ጠንካራ ነበር። «ሁሉንም ጨርሶ ነው የሄደ።»

እናቴ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። በሰው ፊት አባቴን ተቃውሜ አላውቅም።

«አልጨረሰም» አልኩ። «ግማሹን ነው የመዘንነው። ሌላው... ሌላው ስንዴ የለም።»

«የለም ማለት?»

«ለቅሶው ላይ ንፍሮ ሆነ። በላነው።»

አባቴን ማየት አልቻልኩም። እሷ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ቀጥሎ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። ሁለቱም አንድ ላይ ነበር።

«ይቅርታ» አለች። «ይቅርታ አባባ። በበረዶ አጥተናል። ከብት ገብቶበታል። ዝንጀሮ ጨርሶታል። አንድ ዓመት ሠርገኞች ድንኳን ተክለውበታል። የራሱ የ... የሠሪው ለቅሶ ሲበላው ግን የመጀመሪያው ነው።»

«አርባ ሰባትስ?» አልኳት። «ወደቀ ማለት ነው?»

«አልወደቀም። ሌሎች ቦታዎች አሉት፣ ወንድሞቹም አሉ፤ ከእነሱ እንገምተዋለን። ግምቱ ግን ይላላል። ዋጉ የበረታበት ቦታ ይሄ ስለነበር...» ትንፋሿን ሳበች። «እንዳይዘገይ እፈራለሁ። ሌላ ዓመት እዚያው መዝራት ሊኖርብን ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይወጣ አይወጣ አላውቅም።»

«ቁጥር ብጽፍበትስ ኖሮ?»

አየችኝ። ከዚያ አባቴን አየች። የገባት ይመስለኛል።

«ይወጣ ነበር» አለች። «ወንድምህ ግን ውሸቱን ያገኘው ነበር። እንዲህ ያለውን ሲያገኝ እኔ ነበርኩ አብሬው።»

በዚያ መሐል እትዬ ገቡ። ከረጢቶቹን አጥበው፣ አድርቀው፣ የተቀደደውን ጠቅመው፣ እንደ ጆንያቸው አጣጥፈው በገመድ አስረዋቸዋል። እንግዳ መኖሩን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የሥራ ጓደኛው ነሽ? እግዜር ያጽናሽ። እነዚህ የእናንተ ከሆኑ ውሰጂያቸው፤ ለሌላ ስንዴ ይሆኗችኋል።»

አባቴ ቀና አሉ። ባልደረባዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

«ይሆኑናል እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ። ስንዴው እንዴት ነበር ሲበስል?»

«ውይ፣ አትጠይቂኝ! ከሩቡ ጋር ስጣላ ዋልኩ። እሳት አይፈራም።»

«የትኛው ይሆን» አለች ባልደረባዋ፣ ለራሷ ያህል።

እትዬ ሲወጡ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሩ።

«ከብት ሲበላው ምን ትጽፋላችሁ?»

«ቁጥሩን ባዶ እንተወዋለን። አጠገቡ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ‹ከብት በላው› እንላለን።»

«እንግዲያው እዚያ ላይ ‹ቤተሰቡ በላው› በሉ። የሌላ ሰው ስም አይነሣ።»

«እሺ አባባ።»

«አንተ፣ ላፕቶፑን አምጣ። ብርጭቆውንም።»

አመጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉና ካርዶቹን ከብርጭቆው አንድ በአንድ እያወጡ ማንበብ ጀመሩ፤ የመደቡን ቁጥር፣ ከዚያ የዝርያውን። ሲያነቡ እንደ ወንድም ጋሼ ትንሽ ይጠብቁኛል፣ ጽፌ ስጨርስ ቀጣዩን ያነሣሉ። የተመዘነውን «አለ» እላቸዋለሁ፤ ወደ ጎን ያስቀምጡታል። ያልተመዘነውን ባዶ እተወውና አጠገቡ «ቤተሰቡ በላው» ብዬ እጽፋለሁ። ውጭ አንድ መኪና ስንዴ እያራገፈ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ይጮኻሉ። አባቴን የሚጠራ ሰው መጣ፤ «ቆይ» ብለው አሰናበቱት።

አርባ ሰባት ሦስት ጊዜ መጣ፣ በሦስት መደብ ስለተዘራ። በሦስተኛው አባቴ ካርዱን ወዲያው አላስቀመጡትም። መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ገለበጡት።

«አርባ ሰባት» አሉ።

ባዶ ተውኩት።